ሌንጮ የወደቀ ለት

ዓዲላ ኳስን መጀመሪያ ያወቀችው በጆሮዋ ነው።

ታናሽ ወንድሟ ሙስዐብ ሳውዲ ሲሄድ፣ ከከሚሴ መናኸሪያ ጀርባ ያለውን የዲኤስቲቪ ቤቱን ለእሷ ተወላት። «እስክመለስ ያዢልኝ፤ ሥራው ሌላ አይደለም፣ በር ላይ ቁጭ ማለት ነው» አላት። ዓዲላ እስከዚያ ድረስ ቅመም ነጋዴ ነበረች። ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ ስትሰፍር የኖረች፣ ባሏ አንዋር በከባድ መኪና ጅቡቲ ሲመላለስ ቤቱን ብቻዋን ቀጥ አድርጋ የያዘች ሴት ናት፤ ስለ ኳስ ግን ክብ ከመሆኗ በቀር የምታውቀው ነገር አልነበረም። ቢሆንም የወንድም አደራ ነው። የቆርቆሮው አዳራሽ በር ላይ ወንበሯን አደላድላ፣ ፊቷን ወደ ባጃጆቹ፣ ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ ተቀመጠች።

ከጀርባዋ የሚመጣውን ድምፅ ቀስ በቀስ መለየት ለመደች። ወንዶቹ ባንድ አፍ «ውይ!» ካሉ ኳሷ ለጥቂት ስታለች። ፉጨት ከበዛ ዳኛው አንዱን በድሏል። አግዳሚው ሲንኳኳና ቆርቆሮው ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ጎል ነው። «ዞር ብለሽ እይው እንጂ» ሲሏት፣ «ሰማሁት እኮ፣ ምን ቀረኝ» ትላለች።

አንድ ቅዳሜ፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ቤቱ በድንገት ጸጥ አለ።

መብራት የሄደ መሰላት። ዞር ስትል ግን ቴሌቪዥኑ ቦግ ብሎ በርቷል። ሰው ሁሉ ቆሟል፤ ገሚሱ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኗል፤ የሚተነፍስ ያለ አይመስልም። በቴሌቪዥኑ መስኮት ውስጥ አንድ ረዥም፣ ቀጭን፣ ጥቁር ልጅ ኳስ ይዞ ይሮጣል። ከራሱ ጎል አጠገብ ነው የተነሳው። አንዱ መጣበት፣ አለፈው። ሁለት ሆነው መጡበት፣ በመሃላቸው ሾለከ። የሚያስገርመው አለመቸኮሉ ነበር፤ ሌሎቹ ላብ በላብ ሆነው ሲያሳድዱት እሱ ጧት ቦርከና ወንዝ ዳር ለዳር እንደሚንሸራሸር ሰው ዘና ብሎ ይሄዳል፤ ግን አይደርሱበትም። በረኛውን በቆመበት አሽከርክሮ ጥሎት አለፈ። ከዚያ ባዶው ጎል ፊት ቆም አለና ኳሷን በቀስታ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ ገፋ አደረጋት። ወዲያው ተደፍቶ ግንባሩን ሣሩ ላይ አሳረፈ።

ቤቱ የፈነዳው ያኔ ነው። ዓዲላ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፣ «አጃኢብ!» አለች። «አጃኢብ ነው ረቢ! ማነው ይኼ ልጅ?»

መልሱን የነገራት ጀይሉ ነው። ጀይሉ ባጃጅ ነጂ ነው፤ የሌንጮ ጨዋታ ባለ ቀን ባጃጁን እበሯ ላይ ያቆማትና ተሳፋሪ ቢለምነውም አይነሳም። «እቴ ዓዲላ፣ ላንሲኔ ዲያኔ ይባላል፤ የጊኒ ልጅ ነው፤ ካንካን ከምትባል ከተማ። አባቱ ጎማ ለጣፊ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቱ ላይ ባማኮ ሄደ፣ ከዚያ ቱኒዝ ሄደ፣ እዚያ ዓመት ሙሉ ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ፈረንሳይ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወሰደው። አሁን ይኸው፣ ፈረንሳይን ያንቀጠቅጣል። ገና ሃያ አራት ዓመቱ ነው!»

«ላንሲ... ምን አልከው?»

ላንሲኔ የሚለው ስም ለከሚሴ ሰው አፍ አልገባ ብሎ ነበርና አንድ ቀን ጀይሉ ራሱ «ሌንጮ» አለው። በኦሮምኛ ሌንጫ አንበሳ ነው። ስሙ እንደ ሰደድ እሳት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ላንሲኔ ብሎ የሚጠራው ቴሌቪዥኑ ብቻ ሆነ።

ዓዲላም ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ወንበሯን በጎን አዞረች፤ አንድ ዓይኗ በሩ ላይ፣ አንዱ ሌንጮ ላይ።

ማታ ማታ ደግሞ መምህራን ኮሌጅ የምትማረው ልጇ ኢክላስ ስልኳን ከፍታ ታሳያታለች። ሌንጮ በስልክም ነበረ። እንዲያውም ከሜዳው ይልቅ እዚያ ይበዛል። ተከታዮቹ ከፈረንሳይ እስከ ኢንዶኔዥያ ናቸው፤ የዞኑን ሕዝብ አሥር ጊዜ ብትደራርቢው አይደርስበትም አለቻት ኢክላስ። ዓዲላ ግን ገንዘቡን ወይ መኪናውን የሚያሳይ መስሏት ነበር፤ እሱ እቴ! አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው እናቱን ነው። ሐጃ ሳራን ይባላሉ፤ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና ሴትዮ ናቸው። ልጃቸው ጎል አግብቶ ሲመጣ ሰሃን ያሳጥቡታል። በደንብ ካላጠበ በማማሰያ ጀርባውን መታ ያደርጉታል፤ እሱ ይስቃል፤ እሳቸው ይቆጣሉ፤ ዓለም አብሮ ይስቃል። በረመዳን ደግሞ በረዶ በሚጥልበት አገር መስኮት ሥር ቁጭ ብሎ፣ ኮፍያውን እስከ ጆሮው ደፍቶ ቁርኣን ሲቀራ ያሳያል። ድምፁ ደህና አልነበረም። እንዲያውም አንዳንዴ ይሰበራል። ዓዲላ ግን ያንን ቪዲዮ ደጋግማ ታስከፍት ነበር።

«እንዲህ ያለ ልጅ ለወለደች» ትላለች፣ «ማማሰያ ያንሳታል?»

ከተማው ሁሉ በሌንጮ ተያዘ። ባጃጆች ጀርባ ላይ ፎቶው ተለጠፈ። በገበያ ቀን ከጨፋ ሸለቆ ማሽላና በቆሎ ይዘው የመጡ ገበሬዎች እህላቸውን ሸጠው ሲጨርሱ በሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «አካም ጅርተ ዓዲላ፣ ያ የጊኒው ዛሬ አለ ወይ?» ይሏታል። ካለ ገብተው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ያያሉ።

ደስ ያላላቸው አንድ ሰው ሼኽ ኑርሁሴን ነበሩ። መስጊዳቸው ከአዳራሹ ብዙም አይርቅም፤ የወንዶቹ ጩኸት ሶላት ውስጥ ይገባባቸዋል። አንድ ቀን በሯ ላይ ቆመው፣ «ዓዲላ፣ አንቺን አልጠላሁሽም፤ ይህ ቤትሽ ግን ሰውን ከሶላት አዘገየው» አሏት። እሷም አልተከራከረችም። ከዚያ ቀን ጀምራ አዛን ሲል የቴሌቪዥኑን ድምፅ ታጠፋለች። ጨዋታው ሞቅ ብሎባቸው አልነሳ ያሉትን፣ «እሱ እንኳ ሚሊዮን ሰው እያየው ሜዳ ላይ ሱጁድ ይወርዳል፤ እናንተን አግዳሚው ላይ ማን ቸነከራችሁ?» ብላ ታስነሳቸዋለች። ሼኹም ይህን ሰሙ። ወደዱት ለማለት ግን አይቻልም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ግንቦት ገባ።

የፈረንሳዩ ሊግ ማለቂያ ነበር። ሌንጮ ያንን ጨዋታ ካሸነፈ ክለቡ ዋንጫ ይወስዳል። የከሚሴ ሙቀት እንደሆነ በግንቦት አያድርስ ነው፤ ቆርቆሮው ይጋግራል፤ ቢሆንም ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣቦ ገባ። ኢክላስም ከኮሌጅ ጓደኞቿ ጋር በሩ አጠገብ ቆማለች። ጨዋታው ሲጀምር ሌንጮ ያው ሌንጮ ነበር። አንዴ ጎል ሊያገባ ምንም አልቀረው። አንዴ ደግሞ ኳሷን በሁለት ሰው ራስ ላይ አሳልፎ ለራሱ ተቀበላት፤ ጀይሉ ከደስታው ብዛት የጎኑን ሰው ሳመው።

ከዚያ፣ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል፣ ኳሷ ሌላ ጥግ ላይ እያለች፣ ማንም ሳይነካው፣ ሌንጮ ቆመ። እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ከዚያም በፊቱ ተደፋ።

«ጎል ሳያገባ ሱጁድ ወረደ!» አለ አንዱ፤ ሰዉም ሳቀ።

ሳቁን አልጨረሰም። ሱጁድ እንዲህ አይደለም። እጆቹ ከሥሩ ታጥፈው ቀርተዋል። አጠገቡ ያለው የባላጋራው ተከላካይ ገለበጠውና ወዲያው ሁለት እጁን እያወዛወዘ ወደ ሐኪሞቹ ጮኸ። ሐኪሞቹ ሮጡ። ጓደኞቹ መጡና ዙሪያውን ከበቡት፤ ጀርባቸውን ወደ እሱ፣ ፊታቸውን ወደ ሰዉ አዙረው እንደ አጥር ቆሙ። አንደኛው ማሊያውን ፊቱ ላይ ሸፍኖ ያለቅሳል። ካሜራው ምን እንደሚያሳይ ግራ ገብቶት ሰማዩን አሳየ፣ ስታዲየሙን አሳየ።

«ከኢ!» አለ ጀይሉ። ድምፁ የራሱ አይመስልም ነበር። «ከኢ ሌንጮ! ተነስ በረቢ!»

«ከኢ!» አለ ሰው ሁሉ። ኦሮምኛ አፉን የፈታውም፣ አማርኛ አፉን የፈታውም። «ከኢ! ከኢ!»

መብራት ሄደ።

መስኮቶቹ ብርሃን እንዳይገባ በካርቶን የተደፈኑ ናቸውና አዳራሹ ጨለመ። ከዚያ ስልኮች ወጡ፤ ኔትወርክ የለም፤ ወይ አለ ግን አይከፍትም፤ ክቡ ነገር ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል። «ጀነሬተሩ!» አለች ዓዲላ። ቤንዚን እንደሌለው ያወቀችው ይህን ካለች በኋላ ነው። ጀይሉ ሰዉን ገፍቶ ወጣ፤ የባጃጁ ድምፅ ራቀ። ጨለማው ውስጥ አንድ ሰው ሆድ ሲብሰው እንደሚያደርገው ተነፋረቀ፤ ሌላው ተከተለ። ዓዲላ በጎልማሳ ዕድሜዋ ወንዶች ባንድ ላይ ሲያለቅሱ የሰማችው ለቀብር ብቻ ነበር። የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። በዓይኗ የሚታያት ልጁ አልነበረም። ማማሰያ የያዙት ሴትዮ ነበሩ።

ሼኽ ኑርሁሴን ልቅሶውን ሰምተው ከመስጊድ መጡ። ጥምጣማቸውን እያስተካከሉ፣ በሩ ላይ ቆመው ወደ ጨለማው አዩ።

«ምንድነው? ማን ሞተብን?»

«አልሞተም ሼኽዬ... አናውቅም» አለች ዓዲላ። «ሌንጮ ወደቀ።»

«ሌንጮ የማን ልጅ ነው?»

አንዱ በሐፍረት ድምፅ፣ «የጊኒ ልጅ ነው ሼኽዬ። ኳስ ተጫዋች ነው» አለ።

ዓዲላ ቁጣቸውን ጠበቀች። እውነትም ቢቆጡ አይፈረድባቸውም ነበር። እሳቸው ግን፣ «እናት አለችው?» አሉ።

«አለችው።»

«ሲወድቅ አይታለች?»

«ሁልጊዜ ስታዲየም ትገባለች» አለች ኢክላስ።

ሼኹ ጫማቸውን አወለቁና ወደ ውስጥ ገቡ። «እንግዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? እጃችሁን አንሱ።»

ከኋላ ሙሀመድአሚን የሚባል እህል ነጋዴ ነበረ። በዚያ በክፉው የጦርነት ዓመት ወንድሙን ያጣ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙም የማይናገር ሰው ነው። «ሼኽዬ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የራሳችን ዱዓ የሚሻ ስንት ነገር አለ እኮ። ለማናውቀው ሰው...»

«ልጄ» አሉት፣ ወደ ድምፁ ዞረው፣ «የአላህ ራሕመት የቀበሌ ስኳር አይደለም። ለጊኒ ሰጥቶ ለከሚሴ አያጥረውም። ለወንድምህም እናደርጋለን፤ መጀመሪያ ግን ነፍሱ በአፍንጫው ላለችው።»

ሙሀመድአሚን እጆቹን አነሳ።

ዱዓውን በአረብኛ ጀመሩት፤ ከዚያ አማርኛ ሆነ፤ ከዚያ ኦሮምኛ። ሼኹ መሃሉን ሳይለዩ ነው ከአንዱ ወዳንዱ የሚሻገሩት። «ያ ረብ፣ ልብ የሠራኸው አንተ ነህ፤ የምታቆመውም የምታስነሳውም አንተ ነህ። በሰው አገር የወደቀውን፣ እናቱ የምታየውን፣ ያ ረቢ ካሲ! አንሳው! ግንባሩን መሬት ላይ ሲያኖር ላንተ ነበር፤ ዛሬም መሬት ላይ ነው፤ ያ ረቢ ካሲ!»

«አሚን!» ሲሉ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ዓዲላ ያንን መንቀጥቀጥ በጎል ብቻ ነበር የምታውቀው። እጆቿን ከፍታ፣ እንባዋ መዳፏ ላይ እየወረደ፣ እሷም «አሚን» አለች። ከሰዉ መሃል አንዳንዱ የስልኩን መብራት አብርቶ ነበርና፣ በዚያች ብርሃን የሚታየው ፊት አልነበረም። መዳፍ ብቻ ነበር። የገበሬ መዳፍ፣ የሹፌር መዳፍ፣ የተማሪ መዳፍ፤ ሁሉም ወደ ላይ።

ጀይሉ ቤንዚን ይዞ ሲደርስ ገና አልጨረሱም ነበር። ጀነሬተሩ ሁለቴ አስነጠሰና ተነሳ። ቴሌቪዥኑ በራ፤ ሰማያዊ ሆነ፤ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሜዳው መጣ። ሌንጮ የለም። ተጫዋቾቹ ሣሩ ላይ ተበታትነው ተቀምጠዋል። አስተያየት ሰጪው በእንግሊዝኛ በዝግታ ይናገራል።

«ምን አለ? ኢክላስ፣ ምን አለ?»

ኢክላስ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ አዳመጠች። «ልቡ ቆሞ ነበር» አለች። «በኤሌክትሪክ መልሰው አስነሱት። ሆስፒታል ወስደውታል። ከሜዳ ሲወጣ... እጁን አንቀሳቀሰ። ዓይኑን ከፈተ ይላል!»

ጀይሉ ቤንዚን የነካውን እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሼኹ «ሱብሃነላህ» ብለው ተቀመጡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ አግዳሚ ላይ። ማንም አልጮኸም። እንዲያውም ያንን ቀን ያስታወሱ ሁሉ የሚያወሩት ስለ ዝምታው ነው፤ ሞት ቤቱ ገብቶ ቆይቶ፣ ሲወጣ በሩ ላይ ያዩት ይመስል ነበር።

ኢክላስ የዱዓውን ቪዲዮ ቀርጻ እንደነበር ዓዲላ ያወቀችው በማግስቱ ነው። ያወቀችውም ከአንዋር ነው። ባሏ ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ ገላፊ ኬላ ሆኖ ደወለላትና፣ «ሹፌሮቹ ስልክ ላይ ሲያዩት የሼኽ ኑርሁሴንን ድምፅ ሰማሁ፤ ያ ያንቺ ቤት አይደለም ወይ?» አላት።

ዓዲላ ተቆጣች። «የሰው ዱዓ ገበያ አወጣሽ?» አለቻት ልጇን። «አላህ ፊት የቀረበውን ለሰው ማሳያ አደረግሽው?»

«እማ፣ አንድ ጓደኛዬ እንድታየው ብዬ ነው የለጠፍኩት። እንዲህ ይሆናል ብዬ...»

«አጥፊው!»

«አሁን ባጠፋውም ሌሎች ወስደውታል።»

ዓዲላ ልጇን አስከትላ ሼኹ ዘንድ ሄደች። እሳቸው እንዲቆጧት ነበር ፍላጎቷ። ሼኹ መነጽራቸውን አጥልቀው ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ያዙ። ቪዲዮው አጭር ነው፤ ጨለማ፣ መዳፎች፣ የእሳቸው ድምፅ፣ «ያ ረቢ ካሲ»፣ ከዚያ ያ አሚን። ደግመው አዩት።

«ይኼ የሚንቀጠቀጠው ሽማግሌ እኔ ነኝ?»

«አዎ ሼኽዬ።»

«ሰው እንዲያየን ብለን አላደረግነውም» አሉ። «ኒያችን፣ ሐሳባችን ንጹሕ ነበር፤ አላህ ያውቃል። አሁን ሰው ካየው ደግሞ አሚን ይበል። አሚን ቢበዛ ማንን ይጎዳል?»

ያ ነበር የሆነውም። ዓዲላ ቤቷ ገብታ ከቪዲዮው ሥር የተጻፈውን በጣቷ እየገፋች አየች። የምታነበው ጥቂቱን ነው፤ ቀሪውን ኢክላስ ነገረቻት። አሚን ከዳካር። አሚን ከባማኮ። አሚን ከጃካርታ። ክርስቲያኖችም ነበሩ፤ አሜን ከሊዮን፣ አሜን ከአክራ። «እነዚህ ሰዎች የት ናቸው?» የሚል ነበር። «ኦሮምኛ ነው የሚያወሩት! የኛ ሰዎች ናቸው!» የሚል ነበር። «ለኳስ ተጫዋች ዱዓ፣ ይገርማል!» ብሎ ያላገጠም አልጠፋ። ዓዲላ ግን መጨረሻውን ለማግኘት ስትገፋ ስትገፋ፣ ገጹ ሲወርድ ሲወርድ፣ ጣቷ ደከመ፤ አሚን ግን አላለቀም። ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ያው መንገድ ነው። ሚኒባስ «ደሴ! ደሴ!» ይላል። ፍየል ካርቶን ትበላለች። ከዚህ፣ ከዚህች ቦታ የወጣ ድምፅ ነው እንግዲህ ዓለምን የዞረው።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ለኢክላስ በአረብኛ መልእክት መጣላት። የሌንጮ እህት ማሪያማ ነኝ ይላል። ኢክላስ አላመነችም፤ አጭበርባሪ መሰላት። ሼኹ ግን አነበቡት። «ወንድሜ ድኗል፤ ደረቱ ውስጥ ልቡን የሚጠብቅ ትንሽ መሣሪያ ገብቶለታል። እናቴ እጆቻችሁን አየች። የየት አገር ሰዎች ናቸው ብላ ጠየቀች፤ ሐበሻ፣ ከሚሴ አልናት። የነቢዩ ሰሐቦች የተጠለሉበት አገር ነው አለች። ልታናግራችሁ ትፈልጋለች፤ ከራሷ ቋንቋ በቀር ግን አታውቅም፤ ቢሆንም ይድረሳቸው አለች።» ከሥሩ የድምፅ መልእክት ነበረ።

ዓዲላ ብቻዋን አልከፈተችውም። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ እስኪሞላ ጠበቀች። የዚያን ቀን የሰፈሩ ሴቶችም መጡ፤ ጎረቤቷ ሱዓድ፣ ከቅመም ተራ ቶይባ፤ ገብተው በወንዶቹ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ኢክላስ ስልኳን ከትልቁ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘችው።

መጀመሪያ አንድ ሳል መጣ። ከዚያ ያ ጎርናና ድምፅ። ቋንቋውን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ግን ከመሃሉ «አላህ» ይላል። ከመሃሉ «ኬምሲ» ይላል፤ ከተማቸው መሆኗን ያወቁት ትንሽ ቆይተው ነው። ሴትዮዋ አንድ ረዘም ያለ ነገር ይሉና «አሚና» ብለው ዝም ይላሉ። ጥቂት ይቆያሉ። ደግመው ይቀጥላሉ፤ «አሚና»፤ ዝም።

መጀመሪያ የገባቸው ሼኽ ኑርሁሴን ናቸው። «ለእናንተ ዱዓ እያደረገች ነው» አሉ። «ዝም የምትለው አሚናችሁን ልትጠብቅ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሐጃ ሳራን ባቆሙ ቁጥር ከሚሴ «አሚን» አለች። እሳቸው ካንካን ላይ ወይ ፈረንሳይ ላይ ከቀናት በፊት የተውት ዝምታ ልክ ለእነሱ አሚን የተሠፈረ ይመስል ነበር። ሙሀመድአሚን ግንባሩን የፊተኛው አግዳሚ መደገፊያ ላይ አሳርፎ፣ ቃሉን የማያውቀውን ዱዓ ሁሉ ተቀበለ። ዓዲላም ተቀበለች። ስለምን እንደጸለዩላት እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ጎደለብኝ ብላ ግን አታውቅም።

ሌንጮ ግን አይጫወትም ተባለ። ክለቡ በሰላም ሸኘው። በስልኩ ላይ ያለው ተከታይ ከወደቀ ወዲህ በእጥፍ ጨምሮ ነበር፤ ጀይሉ፣ «ከእንግዲህ ምን አስሮጠው? እናቱን እያሳየ ቢኖር ይበቃዋል» ይል ነበር። አንድ ቀን ግን ሌንጮ ብቻውን፣ ያለ እናቱ፣ ካሜራ ፊት ቁጭ ብሎ ታየ። ኢክላስ ተረጎመችው፤ «ይህን ሁሉ ሰው አመሰግናለሁ። እኔ ግን መታየት አይደለም የናፈቀኝ። ሣር ነው የናፈቀኝ» አለ።

በዓመቱ ከዴንማርክ አንድ ትንሽ ክለብ፣ ሐኪሞቹ ከፈቀዱ እኛ እንሞክረዋለን አለ። የሚመለስበት ቀን ሲቆረጥ ጉድ መጣ፤ ያንን ጨዋታ የሚያሳይ ጣቢያ ዓዲላ ቤት የለም። ኢክላስ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ አገኘች፤ ጀይሉ ከየትም ብሎ ገመድ አመጣ፤ ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አጋቡት። ሥዕሉ ደብዛዛ ነው፤ በየደቂቃው ይደርቃል። ውጭ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ድምፅ የሚባል ነገር አይሰማም።

ሁለተኛው አጋማሽ ከተጋመሰ በኋላ የሜዳው ጠርዝ ላይ አንድ ረዥም ሰው ቆመ። ገባ።

ያ ሌንጮ አልነበረም። ማለት፣ እሱ ነው፤ ግን ከብዷል። ኳስ ሲያገኝ እንደ ድሮው ይዞ አይነጉድም፤ ቀረብ ላለው ይሰጣል። አንዴ ሊያልፍ ሞከረና ነጠቁት። ቤቱ ግን ሲነጠቅም አጨበጨበ። ኳስ ሲነካ ሆ! ሲስት ሆ! ዓዲላ ከወንበሯ ተነስታ አግዳሚዎቹን አልፋ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ ነበር፤ «እቴ ዓዲላ፣ ጋረድሽን» ያላት ግን የለም።

ከዚያ ሌንጮ ወደ ጥግ የሄደች ኳስ ሊያገኝ ፈጥኖ ሮጠ። ሥዕሉ ደረቀ። እግሩ አየር ላይ እንዳለ፣ አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

ለዚህም ቀን የመጡት የሰፈሩ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያያዙ። ያ ክብ ነገር ይዞር ጀመር። ዓዲላ ስንት ጊዜ እንደዞረ አታውቅም፤ ዕድሜ መሰላት። ልጁ እዚያ ላይ ተሰቅሏል፤ መሬት አልነካም።

ሥዕሉ ተነሳ። ሌንጮ ሜዳው መሃል ላይ ነበር። ይሮጣል። ላቡን በማሊያው እየጠረገ፣ ወደ ኋላ ለመከላከል፣ እንደማንኛውም ሰው ይሮጣል።

ዓዲላ የእሱን ቆንጆ ጎሎች ብዙ አይታለች። ያን ቀን እንዳየችው ሩጫ ያለ ግን አላየችም። ልቡ ቆሞ የነበረ ሰው፣ መሬት የተቀበለችው ሰው፣ ሣር እየረገጠ፣ ለምንም ለማይረባ ኳስ ሲሮጥ! «ያ ረቢ» አለች፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም።

ጨዋታው ሲያልቅ ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። ወንዶቹ ለመግሪብ እየተጣደፉ፣ ጭቃውን እየዘለሉ ወደ መስጊድ ሄዱ። ሼኽ ኑርሁሴን በሩ ላይ ቆመው ይጠብቋቸው ነበርና ጀይሉን አስቆሙት።

«እሺ፣ ሌንጮ እንዴት ሆነ?»

«ሁለት ለባዶ ተሸነፈ ሼኽዬ!» አለ ጀይሉ፤ ፊቱ ግን እንደ ዒድ ቀን በርቷል።

«ሮጠ ወይ?»

«ሮጠ!»

«አልሃምዱሊላህ» አሉ ሼኹ፤ ትከሻውን ይዘውም ወደ ውስጥ አስገቡት።